ሒሳቡ ሳይገጥም ሲቀር

በስኳር ፋብሪካ የትነት ክፍል ውስጥ የሸንኮራ ጭማቂ ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው እየተሻገረ ይወፍራል። ጋኖቹ በተርታ የቆሙ ረጃጅም የብረት ሲሊንደሮች ናቸው። በጎናቸው ላይ ባለችው ክብ መስታወት ውስጡን ያየ ሰው ቡናማ አረፋ ሲንተከተክ ይመለከታል። በመጀመሪያው ጋን ጭማቂው የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ በመጨረሻው ግን አየሩ ተመጥጦ ስለወጣና ግፊቱ ስለወረደ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኦፕሬተሩ በየተወሰነ ሰዓት ናሙና ይቀዳል። ከናሙናው ሁለት ጠብታ በሪፍራክቶሜትሩ መስታወት ላይ ጣል ያደርጋል፣ ክዳኑን ይገጥማል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ያያል። ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር 15 ላይ ካረፈ፣ ከ100 ኪሎ ጭማቂ ውስጥ 15 ኪሎው የሟሟ ነገር፣ አብዛኛውም ስኳር ነው ማለት ነው። ከመጨረሻው ጋን የሚወጣው ሲረፕ ደግሞ 60 አካባቢ ይደርሳል። ቁጥሮቹ በቅጹ ላይ ይሰፍራሉ፣ ሥራው ይቀጥላል።

ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። 100 ቶን ጭማቂ ገባ እንበል፤ በውስጡ 15 ቶን የሟሟ ነገር አለ። የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ ያ 15 ቶን ሳይጎድል ወደ ሲረፑ መሻገር አለበት። 15 ቶን የሲረፑ 60 በመቶ ከሆነ ሲረፑ በጠቅላላው 25 ቶን ነው፤ የቀረው 75 ቶን ውሃ ተንኗል። ያን ሁሉ ውሃ በአንድ ጋን ለማትነን ቢያንስ እኩያው የሆነ የቦይለር እንፋሎት ያስፈልጋል። ከአንዱ ጋን የወጣውን እንፋሎት ለቀጣዩ ማሞቂያ እያደረጉ በአራት ጋን ቢሠሩ ግን ወደ 20 ቶን ገደማ ይበቃል። ፋብሪካው ሸንኮራው ተጨምቆ በሚተርፈው ባጋስ ብቻ ቦይለሩን ማንደድ መቻሉን፣ ወይም ተጨማሪ ነዳጅ ለመግዛት መገደዱን በእጅጉ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ወደ ዲፓርትመንቱ እንደገባ የሚማረው ማቴሪያል ባላንስ የሚባለው ትምህርት ይኸው ነው፦ የገባው ሁሉ ወይ ይወጣል፣ ወይ ውስጥ ይቀራል። ቴርሞዳይናሚክሱም፣ ሂት ትራንስፈሩም፣ ሪአክተሩም፣ ፕሮሰስ ኮንትሮሉም፣ በመጨረሻው ዓመት የሚሠራው ፕላንት ዲዛይንም የሚቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

አሁን ወደ ኦፕሬተሩ ቅጽ እንመለስ። መለኪያው የመዘገበው ሲረፕ 25 ሳይሆን 24 ቶን ነው እንበል። የ24 ቶን 60 በመቶ 14.4 ቶን ነው። 600 ኪሎ የሟሟ ነገር ጠፍቷል። የት ሄደ? ምናልባት ጭማቂው ከልክ በላይ ፈልቶ አረፋው ከእንፋሎቱ ጋር አምልጧል። እንዲያ ከሆነ ጉዳዩ ከ600 ኪሎው በላይ ነው፤ ስኳሩ ተመልሶ ወደ ቦይለር በሚገባው ውሃ ውስጥ ከተገኘ ቱቦዎቹን ያበላሻልና። ምናልባት ናሙናው የተቀዳው መለኪያው ከተነበበ በኋላ ዘግይቶ ነው፤ በመካከሉ ጭማቂው ተለውጧል። ምናልባት የፍሰት መለኪያው ራሱ ከተስተካከለ ቆይቷል። ወይም ደግሞ አንድ የፓምፕ ማሸጊያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ አድሯል። የስኳር ኢንዱስትሪ ይህን ችግር አሳምሮ ያውቀዋል። ፋብሪካዎች የምርት ሪፖርት ሲያወጡ በባጋስ፣ በማጣሪያ ጭቃና በሞላሰስ የሚወጣውን ስኳር ለየብቻ ካሰፈሩ በኋላ ለ«ያልታወቀ ብክነት» የራሱን ዓምድ ይሰጡታል። ፋብሪካ መሐንዲስ የሚቀጥረው ከምንም በላይ ለዚያ ዓምድ ነው።

የመማሪያ መጽሐፍ ግን እንዲህ ያለ ዓምድ የለውም። የመጽሐፍ ጥያቄ ሲዘጋጅ ለመልሱ የሚያስፈልገው ቁጥር ሁሉ ተሟልቶ፣ የማያስፈልገው ተወግዶ፣ የገባውና የወጣው እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚቀርበው። ተማሪው ያልታወቁትን ይቆጥራል፣ እኩልታዎቹን ይቆጥራል፣ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ይፈታል። የፌልደርና የሩሶ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1978 ከታተመ ጀምሮ በመላው ዓለም የዚህ ትምህርት መግቢያ ሆኖ ያገለገለው ይህን ሥርዓት በሚገባ ስለሚያስተምር ነው፤ ለጀማሪም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ችግሩ የሚመጣው መነሻው እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የሚገጥም ሒሳብ ብቻ ሲሠራ የኖረ ተማሪ፣ የማይገጥም ሒሳብ በገጠመው ቀን የሚደርስበት ድምዳሜ «ተሳስቻለሁ» ወይም «መረጃው ልክ አይደለም» የሚል ነው። ሁለቱም ድምዳሜዎች ፍለጋውን ይዘጋሉ። ፍለጋው ደግሞ ሙያው ራሱ ነው። ስለዚህ ከአገር ውስጥ ፋብሪካ የተወሰደ፣ ያልታረመና የማይገጥም ቁጥር ለተማሪው መቅረብ ያለበት በአራተኛው ዓመት በሚመጣ ኢንተርንሺፕ ሳይሆን ማቴሪያል ባላንስ በሚማርበት በዚያው ሴሚስተር ነው። ከዚያም በየዓመቱ አብሮት ሊያድግ ይገባል።

የኬሚካል ምህንድስና ዲግሪ ምን እንደሆነ ከመነሻው ግልጽ ባለመሆኑ ነገሩ ይብሳል። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎም ይሁን በባሕር ዳር፣ በአዳማም ይሁን በኮምቦልቻ፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ የሚሞላ ተማሪ ኬሚካል ምህንድስናን ብዙ ጊዜ የሚያስበው የኬሚስትሪ ታላቅ ወንድም አድርጎ ነው። ኬሚስትሪ ስለሚወድ ይመርጠዋል፤ ወይም ኬሚስትሪ ስለሚፈራ ይሸሸዋል። ገብቶ ሲያየው ግን ከሞለኪዩል ይልቅ ቧንቧ፣ ከሙከራ ብልቃጥ ይልቅ ፓምፕና የሙቀት መለዋወጫ ይበዛበታል። ልዩነቱን ለሠርግ ወጥ ሠርታ የምታውቅ ሴት ትረዳዋለች። ለአምስት ሰው የሚሆነውን ወጥ በመቶ ማባዛት ለአምስት መቶ ሰው የሚሆን ወጥ አይሰጥም፤ ትልቁ ድስት ከሥሩ ሲያር ከላዩ ገና አልፈላም። ምክንያቱ ጂኦሜትሪ ነው። የአንድ ዕቃ ቁመትና ስፋት አሥር እጥፍ ሲያድግ ይዘቱ አንድ ሺህ እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀት የሚያልፍበት የገላው ስፋት ግን የሚያድገው መቶ እጥፍ ብቻ ነው። በብልቃጥ ውስጥ ራሱን የሚያቀዘቅዝ ሙቀት አመንጪ ምላሽ በአሥር ሺህ ሊትር ጋን ውስጥ መውጫ አጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። ኬሚስቱ ምላሹ መኖሩን ያረጋግጣል፤ መሐንዲሱ በዚያ መጠን፣ በዚያ ዋጋ፣ ማንንም ሳይጎዳ፣ ቀን ከሌሊት እንዲካሄድ ያደርጋል። ይህን ልዩነት በሁለተኛ ዓመት የተረዳ ተማሪ የቀሩትን ኮርሶች በሌላ ዓይን ያያቸዋል።

ሥርዓተ ትምህርቱ ለፋብሪካ ቦታ አልሰጠም ማለት ግን ሐሰት ነው። ሰጥቷል። አንድ ሙሉ ሴሚስተር በኢንዱስትሪ ውስጥ እንዲውል የሚያስገድደው አሠራር ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚህ የተጠቀሙ ብዙ ተማሪዎችም አሉ። ሆኖም የኢንተርንሺፕ ሪፖርት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ጉድለቱንም ያውቃል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የድርጅቱ ታሪክ ነው፦ መቼ ተቋቋመ፣ ራዕዩ ምንድን ነው፣ ስንት ሠራተኛ አለው። ሁለተኛው የምርት ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ይተርካል። ሦስተኛው ተማሪው ያገኘውን ጥቅም ይዘረዝራል፦ የተግባር ክህሎት፣ የቡድን ሥራ፣ የሥራ ሥነ ምግባር፣ የሥራ ፈጠራ። በዚህ ሁሉ መሐል የገባውና የወጣው ተለክቶ የተነጻጸረበት አንድ ሠንጠረዥ ካለ ሪፖርቱ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ የገባ ወጣት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ድምፁንና ሽታውን ሲላመድ፣ ማን ማን እንደሆነ ሲለይ ያሳልፋል። ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚገባው ጊዜው ሊያልቅ ሲል ነው። ሁለት ዓመት ቀድሞ የዚያኑ ፋብሪካ ቁጥር በክፍል ውስጥ ሲሠራበት የቆየ ተማሪ ግን ጥያቄውን ይዞ ይገባል።

የፋብሪካ ቁጥር ቀድሞ ወደ ክፍል ይግባ የሚለውን ሐሳብ የሚቃወሙ መምህራን ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ በጥሞና ሊሰማም ይገባዋል። ዩኒቨርሲቲ የሙያ ማሠልጠኛ አይደለም ይላሉ። ስኳር ፋብሪካን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ፋብሪካው ሲዘጋ ዕውቀቱም ይዘጋል፤ የሙቀትን፣ የፍሰትንና የቁስ ዝውውርን ሕግ ያወቀ ግን ቢራም ይሁን መድኃኒት፣ ሲሚንቶም ይሁን ማዳበሪያ የትም ይሠራል። ታሪክም ያግዛቸዋል። በርድ፣ ስቱዋርትና ላይትፉት እ.ኤ.አ. በ1960 «ትራንስፖርት ፌኖሚና» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ሙያው ከፋብሪካ ልምድ ወደ ሒሳባዊ ሳይንስ የሚያደርገውን ጉዞ አፋጥነዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ጥሩ ዲፓርትመንት ወደ ኋላ አልተመለሰም። ኬሚካል መሐንዲሶች ከነዳጅ ማጣሪያ ወጥተው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቺፕ፣ ወደ ክትባትና ወደ ባትሪ መሻገር የቻሉት በዚህ ሰፊ መሠረት ነው።

ክርክሩ ስለ ሕጎቹ ዋጋ የሚለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሕጎቹ የተገኙበትን መንገድ ግን ይዘነጋል። ጆርጅ ዴቪስ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1887 በማንቸስተር አሥራ ሁለት ንግግሮችን አቅርቦ ለሙያው መሠረት ከመጣሉ በፊት የአልካሊ ፋብሪካዎች ተቆጣጣሪ ነበር። ሥራው ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞረ ወደ አየር የሚለቀቀውን አሲድ መመርመር ነበር። ሶዳ የሚሠራውም፣ ቀለም የሚሠራውም፣ ሳሙና የሚሠራውም ማሞቅ፣ ማትነን፣ ማጣራት፣ ማድረቅ በሚባሉ አንድ ዓይነት ሥራዎች ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን የተገነዘበው በዚህ ዙረት ነው። አርተር ሊትል እ.ኤ.አ. በ1915 እነዚህን ዩኒት ኦፕሬሽን ብሎ ሲሰይማቸው የሙያው አጠቃላይ ሕግ ከየፋብሪካው ወለል ተለቅሞ ተሰብስቧል። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ ሊትልና ዎከር በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠው የፋብሪካውን እውነተኛ ችግር የሚፈቱበትን ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ገንዘቡን የሰጠው የኮዳክ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን ነበር። ይህ ትምህርት ቤት የሙያው የንድፈ ሐሳብ ማዕከል ከሚባሉት አንዱ በሆነ ተቋም ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። የ1960ው መጽሐፍ ደራሲዎችም ቢሆኑ ያስተምሩ የነበሩት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያ ዲፓርትመንት ሆውገንና ዋትሰን ከፋብሪካ ቁጥር የተነሣ የኢንዱስትሪ ስሌትን በሥርዓት ያስተማሩበት ነበር። ንድፈ ሐሳቡ የበቀለው በዚያ መሬት ላይ ነው። እኛ ጋ የመጣው ግን ፍሬው ብቻ ነው።

ከትነት ጋኖቹ ጀርባ ያለው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የአንዱን ጋን እንፋሎት ለቀጣዩ የማዋል ዘዴ ባለቤት ኖርበርት ሪልዩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1806 በኒው ኦርሊንስ ከጥቁር ዘር ነፃ እናትና ከነጭ አባት ተወለደ። በፓሪስ ኢኮል ሳንትራል የእንፋሎት ሳይንስ ተማረ፣ አስተማረም። በሉዊዚያና ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚፈላውን ጭማቂ በረጅም ማንኪያ ከአንዱ ክፍት ድስት ወደ ሌላው ሲገለብጡ፣ ሲቃጠሉም ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 የመጀመሪያውን ፓተንቱን ሲያገኝ በእጁ የነበረው የሁለቱ ውሕደት ነው፦ ስለ እንፋሎት ድብቅ ሙቀት የሚያስተምረው የፓሪሱ ሳይንስ፣ እና ነዳጅም የሰው ገላም ያለ ልክ የሚባክንበት የሉዊዚያናው ስኳር ቤት። ሳይንሱን ብቻ የሚያውቁ በፓሪስ ሞልተው ነበር፤ ስኳር ቤቱን ብቻ የሚያውቁም በሉዊዚያና። የዛሬ ተማሪ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ትነት ክፍል ቆሞ የሚያየው የዚያን ሰው ሥራ ነው። ይህ በኮርሱ ውስጥ ቢነገር ደግሞ ተማሪው ሙያው የማን እንደሆነም ያውቅ ነበር።

ወደ ቆዳ ፋብሪካ ብንሄድ ማቴሪያል ባላንስ ከትርፍና ኪሳራ አልፎ የሕይወት ጉዳይ እንደሚሆን እናያለን። ከአንድ ቶን በጨው የተጠበቀ ጥሬ ቆዳ በመጨረሻ የሚወጣው የተጠናቀቀ ቆዳ ወደ 200 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ጨው፣ ፀጉር፣ ሥጋ፣ ቅርፍትና የሟሟ ነገር ሆኖ ወደ ፍሳሽና ወደ ቆሻሻ ክምር ይሄዳል። በተለመደው አሠራር ደግሞ ቆዳው ከተጨመረለት ክሮም ውስጥ የሚይዘው ከ60 እስከ 80 በመቶ ገደማውን ነው፤ ሌላው ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህን ሒሳብ የሠራ ተማሪ ስለ ሞጆ ወንዝ ብክለት ሲነገር ከየት ምን ያህል እንደሚመጣ በቁጥር መናገር ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን የሁለቱ ቦዮች ነገር ነው። ፀጉር ለማስለቀቅ የሚውለው ውሃ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ያለበት አልካላይን ነው፤ የክሮም ማልፊያው ውሃ ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ በአንድ ቦይ ከተገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይለቀቃል። ጋዙ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ ጉድጓድ ለመጥረግ የወረደ ሠራተኛ ላይመለስ ይችላል፤ ሊያወጣው የወረደውም እንዲሁ። ይህን በመጨረሻው ዓመት በሚሰጥ የደህንነት ኮርስ ውስጥ እንደ አንድ መስመር ማንበብና በሁለተኛው ዓመት የዚያን ፋብሪካ የፍሳሽ ካርታ በእጅ ስሎ ሁለቱ መስመሮች የሚቀራረቡበትን ቦታ በጣት ማሳየት አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፋብሪካዎቹ በኩል የሚነሣ ነው፤ ቁጥር አይሰጡም። ሥራ አስኪያጁ ብክነቱ በጋዜጣ እንዳይወጣበት ይሰጋል፤ የግሉ ባለሀብት ደግሞ ተወዳዳሪውን ይፈራል። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ ነገር ግን የሚፈታ ነው። ለማስተማሪያ የሚፈለገው ያለፈ ዓመት የአንድ ሳምንት ቅጽ ነው፤ ስሙና ቀኑ ይፋቃል፣ አስፈላጊ ከሆነ የክብደት ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ አባዢ ተባዝተው ይሰጣሉ። በአባዢ የተባዛ ሒሳብ ጉድለቱ በመቶኛ እንዳለ ይቆያልና ለትምህርቱ አይጎዳም። ፋብሪካ ሁሉ እምቢ ቢል እንኳ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያዎች አሉ። ለገዳዲም ሆነ ገፈርሳ የሚገባው ድፍርስ ውሃ፣ የሚጨመረው አልሙኒየም ሰልፌት፣ የሚወርደው ደለልና የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ሙሉ የማቴሪያል ባላንስ ጥያቄ ነው፤ ምስጢርም የለበትም። ያው አልሙኒየም ሰልፌት በአዋሽ መልካሳ ስለሚመረት ተማሪው ከምርቱ እስከ አገልግሎቱ ያለውን ሰንሰለት በአንድ ቀን ጉዞ ሊያይ ይችላል። ከዚያም ወጥቶ ወደ አቢጃታ ሐይቅ መሄድ ነው። ሐይቁ ከቡልቡላና ከሆራ ቀሎ ወንዞች ውሃ ይቀበላል፤ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውሃው በአብዛኛው የሚሄደው በትነት ነው፣ ሶዳ አሽ ለማምረትም ሲቀዳ ቆይቷል። ወደ ላይ ከዝዋይ ሐይቅ ለመስኖ የሚወሰደው ውሃ በጨመረ ቁጥር የሚገባው ይቀንሳል። ሐይቁ ስለምን ሸሸ የሚለው ጥያቄ በጋን ፋንታ ሐይቅ የተቀመጠበት የሁለተኛ ዓመት ጥያቄ ነው፤ በእርግጥም የማይገጥም ነው፣ ከመሬት በታች የሚሄደውን ማንም በቀላሉ አይለካውምና።

ዛሬ ሁሉን ሶፍትዌር ይሠራዋል፣ ተማሪ በእጅ የሚደክመው ለምንድን ነው የሚሉም አሉ። አስፐንን የመሰለ ፕሮግራም በእርግጥ ሰው በሳምንት የማይጨርሰውን በሰከንድ ይጨርሳል፤ ተማሪ ሊማረው ይገባል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ያቀረበው ሥዕል ሁልጊዜ ይገጥማል፤ እንዲገጥም ተደርጎ ነውና የተሠራው። አልኮልና ውሃ በሚለያይበት አምድ ላይ ፈሳሾቹ ተስማምተው እንደሚኖሩ የሚቆጥር የተሳሳተ ሞዴል የመረጠ ተማሪ፣ ከተራ የዲስቲሌሽን አምድ 99 በመቶ አልኮል ሲወጣ በስክሪኑ ላይ ያያል። በተፈጥሮ ግን በከባቢ አየር ግፊት ከ95.6 በመቶ በላይ በዚያ መንገድ አይገኝም፤ እዚያ ላይ እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ስህተቱን አይናገርም። የሚናገረው ከፋብሪካው የመጣው የናሙና ውጤት ነው፤ ያንንም የሚሰማው ልዩነት ሲያይ መጠየቅ የለመደ ሰው ነው። ማሽኑ ስሌቱን በወሰደ መጠን ለሰው የሚተርፈው ሥራ ይህ ነው።

የመውጫ ፈተናውስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳያልፈው አይመረቅም፤ ዲፓርትመንቶችም ጊዜያቸውን ለእሱ ማዋላቸው የሚጠበቅ ነው። ምርጫ ያለው ጥያቄ ደግሞ ያልታወቀ ብክነትን አይጠይቅም። ቢሆንም ፈተናውና ይህ አካሄድ አይጣሉም። የትነት ቅጽ ይዞ 600 ኪሎ ሲፈልግ የከረመ ተማሪ 25 ቶኑን ማግኘት ጨዋታው ነው፤ የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። የሥራ አጥነቱ ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፣ መልሱም አጭር ነው፦ የማስተማሪያ ዘዴ ፋብሪካ አይከፍትም። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን ችግር ሥርዓተ ትምህርት ብቻውን ይፈታዋል የሚል ሰው ያታልላቸዋል። ሊባል የሚችለው፣ ባለው ጥቂት በር የሚቆም ሰው በፋብሪካው ውስጥ ምን እንደሚጠፋ ማሳየት ከቻለ ለመግባት የሚሰጠው ምክንያት ከሌላው የበለጠ መሆኑ ነው።

የሚከፈቱ ፋብሪካዎችም አሉ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈራርሟል፤ ጥሬ ዕቃው የሶማሌ ክልል የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ዩሪያ ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል፦ ከ34 ኪሎ አሞኒያና ከ44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 ኪሎ ዩሪያና 18 ኪሎ ውሃ። ስለዚህ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ምንም ሳይባክን እንኳ 1.7 ሚሊዮን ቶን አሞኒያ ይፈልጋል። ለዚያ ምን ያህል ሃይድሮጅን? ለሃይድሮጅኑ ምን ያህል ጋዝና ምን ያህል እንፋሎት? እንፋሎቱስ በዚያ በረሃማ ምድር ከየት በሚመጣ ውሃ፣ ከዋቢ ሸበሌ ከሆነ በበጋ ወራት ወንዙ ምን ያህል ይተርፈዋል? የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች የሚገጥሙ ናቸው፤ የመጨረሻው አይገጥምም። አሁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ሁሉንም ዛሬውኑ መጀመር ይችላል፣ ማንም ፈቃድ ሳይሰጠው።

ለውጡ የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ አይደለም። በሴሚስተር ሁለት ጊዜ የሚወጣ አውቶብስ፣ ለአንድ ክፍል የሚበቃ የደህንነት ጫማ፣ ቆብና መነጽር፣ ጥቂት የእጅ ሪፍራክቶሜትሮችና የፒኤች መለኪያዎች፣ ለሴት ተማሪዎችም በፋብሪካው ውስጥ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ። ከሁሉ የሚከብደው የመምህሩ ጊዜ ነው። የፋብሪካን ቅጽ ወደ ማስተማሪያ ጥያቄ መለወጥ ሳምንታት ይወስዳል፤ መልሱ ከመጽሐፍ ጀርባ ስለማይገኝ መምህሩ ራሱ መሳሳትና በተማሪ ፊት «እኔም አላወቅሁትም፣ እንፈልገው» ማለት ይኖርበታል። ለደረጃ ዕድገት የሚቆጠርለት ግን በጆርናል የታተመ ጽሑፍ ነው። ከአንድ ፋብሪካ ጋር ሠርቶ አሥር ጥሩ ጥያቄዎችን ያዘጋጀ መምህር ሥራው እንደ አንድ የታተመ ጽሑፍ የሚመዘንበት ደንብ ከወጣ፣ ከዚያ የሚቀረው ለሥራ አስኪያጁ ደውሎ የአንድ ሳምንት ቅጽ መለመን ነው።